ከላይ ወደ ታች የሚታይ ተራራ

የመጀመሪያው የዘይት ቀለም ሥዕሌ አልጋዬ ሥር ተኝቷል። ሦስት ሹል ተራሮች አሉበት። ጫፋቸው ላይ በረዶ፣ ከሥራቸው ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር የፈረንጅ ጥድ። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ፣ በመስኮቴ ባሕር ዛፍና የጎረቤት የኩበት ክምር እየታየኝ፣ የሣልኩት ስዊዘርላንድን ነው። ስዊዘርላንድ ሄጄ አላውቅም።

የተማርኩት ከስልክ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ በግማሽ ሰዓት ተራራ ያቆማል። ነጭ ቀለም በቢላ ጠረግ ሲያደርግ በረዶ ይሆናል። በብሩሽ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርግ ጫካ ይሆናል። እኔም እያቆምኩ እያስኬድኩ ተከተልኩት። ተራራው ወጣ። ግን የማንም ተራራ አልነበረም።

መጀመሪያ የነቁብኝ የአከራዬ እናት ናቸው። ግቢ ውስጥ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ቡና ሊጠሩኝ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ የት አገር ነው?»

«እንዲሁ ነው እማማ። ከጭንቅላቴ ነው።»

«ጭንቅላትህ ውስጥ በረዶ አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። «በል ና፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ።»

እማማ የመንዝ ሰው ናቸው። ያደጉት ጓሳ አጠገብ ነው። ጓሳን ለማያውቅ፣ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ሕግ አውጥቶ ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ የሣር ምድር ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል። ጭላዳ በመንጋ ይግጥበታል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድንበታል፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ያስደነግጣል። ከዚያ የመጡ ሴት ተራራ ሲያዩ ያውቃሉ። ቡናዬን እየጠጣሁ አፈርኩ።

ጥፋቱ የእጄ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። «ተራራ ሣል» ስባል ከጭንቅላቴ የሚወጣው ሦስት ማዕዘን ነው። አንደኛ ክፍል ሳለን የሠራናት፣ ሁለት ሹል ተራራ፣ በመሐላቸው ብቅ የምትል ፀሐይ፣ ከሥር ጎጆ ቤት። ያቺ ሥዕል ከማናችንም ጭንቅላት አልወጣችም። ጣርማበርን በየሳምንቱ የሚወጣ የሚወርድ የአይሱዙ ሹፌር እስክሪብቶ ብትሰጡት ሦስት ማዕዘን ነው የሚሥልላችሁ።

የሰሜን ሸዋ ተራራ ደግሞ ቀና ብለው የሚያዩት አይደለም፤ ቢያንስ ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ሰው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስትመጡ አብዛኛው ሜዳ ነው። ገብስ፣ በግ፣ ባሕር ዛፍ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግን ከፍታ ላይ መሆናችሁን የሚነግራችሁ ብርዱ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ፣ ወይም ወደ ጣርማበር፣ እና መሬቱ ያልቃል። በቃ ያልቃል። ከእግራችሁ ሥር ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ ሸንተረር፣ ከሸንተረሩ ማዶ ሌላ ሸንተረር፣ ከዚያም ሌላ። መጨረሻው ላይ የአፋር ቆላ ጭጋግ ለብሶ ተዘርግቷል። ተራራ የምታዩት ቁልቁል ነው። አናቱም ብዙ ቦታ ጠፍጣፋ ነው፤ አምባ የምንለው። ይህን ስልኬ ላይ ያለው ሰውዬ ከየት ያምጣው?

አንኮበር ሄጄ ልሥል ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ዕቃው ላውራ፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

ቀለም ቤት ገብታችሁ «የዘይት ቀለም» ስትሉ የሚሰጧችሁ የበርና የመስኮት ቀለም ነው። በቆርቆሮ። እኔም አንድ ጣሳ ገዝቼ ተመልሻለሁ፤ አሁን የእማማን የሽንት ቤት በር ቀብተንበታል። የሠዓሊው በቱቦ ነው የሚመጣው፣ እንደ ጥርስ ሳሙና። እኔ የማገኘው አዲስ አበባ ስወርድ ነው። ሃያ አራት ፍሬ ያለበትን ሣጥን አትግዙ። አምስት ይበቃል፦ ትልቅ ቱቦ ነጭ፣ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ፣ በርንት ሲዬና የሚባለው ሸክላማ ቡኒ፣ የሎው ኦከር የሚባለው የአፈር ቢጫ፣ እና አንድ ደማቅ ቢጫ። ጥቁር አያስፈልግም። ሰማያዊውንና ቡኒውን ስታዋህዱ ከጥቁር የተሻለ ጥቁር ይወጣል። ነጭ ስትጨምሩበት ደግሞ የገደል ድንጋይ የመሰለ ግራጫ። አረንጓዴም አልገዛሁም። የቱቦ አረንጓዴ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ነው፤ ሰማያዊና የአፈር ቢጫ የሚሰጡት አረንጓዴ ግን ደጋችንን ይመስላል።

እነዚህ ቀለሞች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። አልትራማሪን «ከባሕር ማዶ» ማለት ነው። ድሮ አፍጋኒስታን ከሚቆፈር ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ ተፈጭቶ ስለሚወጣ እንደ ወርቅ ነበር የሚታየው። በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ በፋብሪካ መሥራት ስለተቻለ ነው የደመወዝተኛ እጅ የገባው። ሲዬና የጣሊያን ከተማ ናት። ቀለሙ ብረት ያለበት ቢጫ አፈር ነው፤ ሲቆላ ይቀላል። እማማ ምጣድ ላይ ገብስ ሲያምሱ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዘይቱ ነው። የተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ በጾም ተቆልቶ ተወቅጦ የምንጠጣው፣ እዚሁ ደጋ ላይ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው ተልባ። ይህን ሳላውቅ ቀለሜ ሲጠጥርብኝ የወጥ ዘይት ጨመርኩበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። አንድ ዝንብ መጥቶ በረዶው ላይ ቀረ፤ እስካሁን አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም። ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ራሱ ይጠነክራል። የወጥ ቤቱ ፓልም ይሄን አያውቅም፣ እንደተቀባ ይኖራል።

ቀለሙን የምናቀጥንበት አኳራጅ ነው። ሽታው ራስ ይመታል፣ ስለዚህ መስኮት ከፍቶ መሥራት ግድ ነው። በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ውስጥ መስኮት ከፍቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ደርቤ ነው የምሠራው፤ የጋቢዬ ጥለት አሁን ከአንድ በላይ ቀለም አለው። አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ልንገራችሁ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ከተጠቀጠቀ ማንም ሳይለኩሰው ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ሸራ ውድ ነው። ለጀማሪ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ከአናጺ ለምኖ የሠዓሊ ጄሶ፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ነጭ መሠረት፣ ሁለት እጅ መቀባት ይበቃል። የግድግዳው ጄሶ አይደለም፣ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ በአንዱ ቅዳሜ ሄድኩ። ማታውን ሰሌዳዬን በቡኒውና በአኳራጅ ስስ አድርጌ ጠርጌው ነበር፣ ጠላ እንደፈሰሰበት ጨርቅ እስኪመስል። ነጭ ሰሌዳ ያስፈራል። በዚያ ላይ ነጭ ላይ ሁሉም ቀለም ጠቁሮ ስለሚታይ ያሳስታል።

የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አጼ ምኒልክ ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት መናገሻቸው ይሄ ነበር። እኔ ያሰብኩት ግን ስለ አንድ ሌላ የአንኮበር ልጅ ነው። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚህ ነው። በ1947 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ወደ ሥዕል ዞሩ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስታወት ሥዕላቸው 150 ካሬ ሜትር ነው። ጉልበቴ ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ ከአንድ እንጀራ አይበልጥም። ተጽናናሁም፣ ፈራሁም።

መጀመሪያ አራት መስመር አሰመርኩ። ቀጭን ብሩሽ፣ የቀጠነ ቡኒ። የሩቁ ሸንተረር፣ የመካከለኛው፣ የቅርቡ፣ እና እኔ የተቀመጥኩበት አፋፍ። ከአራት አላለፍኩም። ዓይን የሚያየው ሃያ ሸንተረር ነበር፤ ጀማሪ ሃያውንም ልሣል ካለ ቀኑ ይመሽበታል።

ከዚያ ሰማይ። ከላይ ሰማያዊ፣ ወደ ታች ሲወርድ እየነጣ፣ ከአድማሱ ጋ ሲደርስ የአፈር ቢጫ የጥፍር ጫፍ ያህል ጣል ይደረግበታል። ሥራው ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ሩቁ መጀመሪያ፣ ቅርቡ መጨረሻ።

የሩቁ ሸንተረር ላይ ስደርስ ብሩሼ በራሱ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ሄደ። ተራራ አረንጓዴ ነው፣ አይደል? ቀባሁት። ሥዕሉ ወዲያው ተዘጋ። ሩቁ ተራራ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ቆመ። በጨርቅ ጠረግኩት። የዘይት ቀለም ደግነቱ ይሄ ነው፣ እስኪደርቅ ድረስ ይታገሣል። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ እንደገና አየሁ። ዓይን ጠበብ ሲል ዛፉ፣ ቤቱ፣ ማሳው ይጠፋል፤ ጨለማና ብርሃን ብቻ ይቀራል። ሰማያዊ ነበር። ሰማዩን ራሱን ትንሽ ያጠቆሩት ያህል።

ምክንያቱ አየር ነው። በእኛና በተራራው መሐል ያለው አየር ከብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊውን አብዝቶ ይበትነዋል። ርቀቱ ሲጨምር የምናየው ተራራውን ሳይሆን አየሩን ይሆናል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የዛሬ 500 ዓመት ግድም ይሄን ጽፎታል። የኛ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ስለዚህ ብዙም አልተጨነቁም፤ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን መሣል ነበር ጉዳያቸው። የሩቅና የቅርብ ነገር ለነሱ በሜትር አይለካም።

ሳህኔ ላይ ያለውን ሰማያዊ እያማሰልኩ ሳለ ከኋላዬ አንድ እረኛ ቆሟል። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ጅራፉን አንገቱ ላይ ጥሎታል። በጎቹን ረስቷቸዋል።

«ጋሼ፣ ያ ተራራ እኮ ሰማያዊ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ ነዋ። አክስቴ በአልዩ አምባ በኩል ናት። ማሽላ አላቸው። ሄጃለሁ እኮ።»

«እስቲ ዓይንህን እንዲህ ጨፈን አድርገህ እየው።»

ጨፈነ። አፉንም አብሮ ከፈተ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«አሁንስ?»

«አሁን ሰማያዊ ነው» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «አክስቴ ጋ ስሄድ ግን አረንጓዴ ነው» ብሎ በጎቹን ለመመለስ ሮጠ።

ከእሱ ጋር ተከራክሬ አላሸንፍም። በእግሩ የሄደበት ነው።

ከሁሉ በላይ ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ የሸንተረሮቹ እግር ነው። እኔ እያንዳንዱን ተራራ ከአናት እስከ እግር በአንድ ቀለም ሞልቼው ነበር። ከካርቶን ተቆርጦ የተደረደረ መሰለ። ቀና ብዬ አየሁ። የመካከለኛው ሸንተረር አናቱ ጠቆር ብሏል፣ ወደ ታች ሲወርድ ግን እየፈካ ይሄዳል፣ ሸለቆው ጋ ሲደርስ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ጭጋጉ የሚተኛው ከታች ነው። ከዚያ የቅርቡ ሸንተረር ጥቁር አናት በዚያ ፈካ ያለ እግር ላይ ቁርጥ ብሎ ይወጣል። ጥቁር በነጭ ላይ፣ ከዚያ እንደገና። ተራራን ከተራራ የሚለየው ይሄ ነው፤ መስመር አይደለም። በደረቅ ብሩሽ፣ ከጥቂት ነጭ በቀር ምንም ቀለም ሳልጨምር፣ የእያንዳንዱን እግር ወደ ጎን ሳብ ሳብ አደረግኩት። ሦስቴ፣ አራቴ፣ ከዚያ እጄን ሰበሰብኩ። አምስተኛው ላይ ጭቃ ይሆናል። ካርቶኑ ወደ ኋላ ሄደ። እውነት ለመናገር ብቻዬን ሳቅኩ።

ወደ ፊት ስመጣ ነጩ እየቀነሰ፣ ቡኒውና የአፈር ቢጫው እየበዛ ሄደ። የቅርቡ ሸንተረር ላይ ጥቂት ጥድ አቆምኩ። ዝርዝር የሚገባው እዚያ ብቻ ነው። የተቀመጥኩበትን አፋፍ ልጀምር ስል ጉም መጣ። የአንኮበር ጉም አያስጠነቅቅም። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዓለምን ዘጋው። ጉሙን ልሣል ብዬ አልሞከርኩም። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ጎረቤላ ወረድኩ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር፦ ያልደረቀ የዘይት ሥዕል በሚኒባስ አይጫንም። ሣጥን አልያዝኩም ነበር። በሁለት እጄ ጠርዙን ይዤ፣ ፊቱን ወደ ራሴ አዙሬ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ፤ ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር አራት ሰው ያዘ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። አንድ ጥምዝ ላይ መኪናው ሲያጋድል ሁላችንም አብረን አጋደልን።

«ውይ ነጠላዬ!»

የነጠላው ጥለት ላይ ሰማያዊ ሸንተረር ተቀምጧል።

«ይቅርታ እትዬ፣ በጣም ይቅርታ። ቀለም ነው። በውሃ እንዳይነኩት፣ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይነሣ፣ ከዚያ አኳራጅ፣ ከዚያ ሳሙና...»

የያዝኩትን አኳራጅ አውጥቼ በንጹሕ ጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። ሚኒባሱ በሙሉ ሸተተ። ሹፌሩ መስኮት ክፈቱ አለ። ሴትዮዋ ግን ቁጣቸው ወዲያው በረደ። ሰሌዳውን ከእጄ ወስደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና አዩት።

«ይሄ የኛ አገር ነው አይደል?»

እማማ «የት አገር ነው?» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ገብሱስ?»

«የቱ ገብስ?»

«የቱ ገብስ ይለኛል እንዴ! እግርህ ሥር ያለውን ገብስ ትተህ እዚያ ማዶ ያለውን ነው እንዴ የሣልከው?»

እውነታቸውን ነው። አፋፉ ላይ ያለው ማሳ በሙሉ ደርሶ ቢጫ ነበር። አልፌው ሄጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የዋልኩት። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ድረስ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ በመስኮት እያሳዩኝ መጡ። የነጠላውን እጥበት ልክፈል ብላቸው አሻፈረኝ አሉ።

ብርድ ላይ የዘይት ቀለም ይዘገያል። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩት፤ የእማማ ምድጃ ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ጭሱ የማይደርስበት ጥግ። ገብሱን የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ወፈር ባለ የአፈር ቢጫና በጥቂቱ ደማቁ ቢጫ፣ የተልባ ዘይት ጠብ አድርጌበት። ከታች ያለው ሽፋን ስስ፣ ከላይ ያለው ቅባታም መሆን አለበት። ከተገለበጠ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፣ እንደ በጋ ዋልካ። ብሩሹን ከታች ወደ ላይ ፈንጠር ሳደርገው ዛላ ዛላ ይመስላል። ቫርኒሹ ገና ነው። ስድስት ወር ይጠበቃል፣ ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ።

ነጠላው የነካው ቦታ መካከለኛው ሸንተረር ላይ ነው። ቀለሙ ተነሥቶ ፈካ ብሏል። ላስተካክለው ብዬ ብሩሽ አንሥቼ ተውኩት። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት አንዲት የጥጥ ክር ቀለሙ ውስጥ ደርቃ ቀርታለች፤ ከአናቱ ጀምራ ወደ ሸለቆው ትጠማዘዛለች።

ባለፈው እሑድ እማማ ሊያዩት መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ገብሱን አዩ፣ ጥዶቹን አዩ፣ ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ሳያስነኩ ወደ ክሯ ጠቆሙ።

«ወደ ቆላ የሚወርደው የእግር መንገድ ይሄ ነው?»

«አዎ እማማ» አልኳቸው።